የፍላፕ ቀዶ ሕክምና ለከባድ የግፊት ቁስል

ፍላፕ በቀዶ ሕክምና ቋንቋ ከራሱ የደም ሥር ጋር እንደተያያዘ ከቦታው ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚዞር ሕያው የሰውነት ክፍል ነው። ቆዳ፣ ከቆዳ ሥር ያለ ስብ፣ አንዳንድ ጊዜም ጡንቻ ሊይዝ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሕክምናው ለከባድ የግፊት ቁስል ሲውል ነው። የግፊት ቁስል በሕዝቡ ዘንድ የአልጋ ቁስል ይባላል። ቁስሉ ጡንቻን አልፎ አጥንት ሲደርስ በፋሻና በመድኃኒት ብቻ መዳኑ አዳጋች ስለሚሆን ፍላፕ አማራጭ ሆኖ ይመጣል። ቀዶ ሕክምናው ራሱ የጥቂት ሰዓታት ሥራ ነው። ውጤቱ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው፤ እነዚያ ሳምንታት ደግሞ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች የሚያልፉት በሆስፒታል ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ በቤተሰብ እጅ ነው።

ቁስሉ እንዴት ይፈጠራል

ሰው ሲተኛ ወይም ሲቀመጥ ክብደቱ በመላ ሰውነቱ ላይ እኩል አይከፋፈልም። አጥንት ለቆዳ በቀረበባቸው ቦታዎች ላይ ይከማቻል። በጀርባው ለተኛ ሰው ከወገብ በታች ያለው ሳክረም የሚባለው አጥንትና ተረከዙ፣ በጎኑ ለተኛ በዳሌው ጎን ያለው የጭን አጥንት ጉብታ፣ ለተቀመጠ ደግሞ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ሸክሙን ይቀበላሉ። ጤነኛ ሰው በእንቅልፉ እንኳ ሳያውቀው ይገላበጣል። ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ግን ሕመሙ አይሰማውም፤ በስትሮክ ወይም በጽኑ ሕመም የደከመ ሰው ደግሞ ቢሰማውም ራሱን ማዞር ያቅተዋል።

ዩጂን ላንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930 በጤነኛ ሰዎች ጣት ላይ ባደረገው ልኬት በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ፣ በደም ቅዳው ጫፍ በኩል፣ በአማካይ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚሆን ግፊት አግኝቷል። ከውጭ የሚመጣው ጫና ከዚህ በልጦ ሲቆይ ደም ወደ ሥጋው መድረስ ያቅተዋል ተብሎ ይታሰባል። በጠንካራ ወንበር ላይ በተቀመጠ ሰው የመቀመጫ አጥንቶች ሥር ያለው ጫና 100 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ማይክል ኮሲያክ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የእንስሳት ሙከራ ደግሞ 70 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ጫና ሳይቋረጥ ከ2 ሰዓት በላይ ሲቆይ የማይመለስ የሥጋ ጉዳት አስከትሏል። እነዚህ ቁጥሮች ለሁሉም ሰው የሚሠሩ ድንበሮች አይደሉም፤ የከሳ፣ ደም ያነሰው ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ከዚህ ባነሰ ጫና ይቆስላል።

ከቀጥታ ጫና ሌላ መንሸራተትም አለ። ታካሚው ጀርባው በትራስ ከፍ ተደርጎ ሲቀመጥ ሰውነቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ቆዳው አንሶላው ላይ ተይዞ ሲቀር አጥንቱ ይሄዳል፤ በመካከል ያሉት የደም ሥሮች ይለጠጣሉ፣ ይጠመዘዛሉ። ሽንትና ላብ ያራሰው ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይላጣል።

ጡንቻ ከቆዳ ይልቅ የደም እጦትን አይችልም። ስለዚህ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ፣ ከአጥንቱ አጠገብ ነው። ቁስሉ ሲከፈት ከላይ የሚታየው ትንሽ ቀዳዳ ሆኖ ከሥሩ ያለው ጉድጓድ እጅግ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ እንደሆነ እንስራ ማለት ነው። ቤተሰብ «ትንሽ ቁስል ናት» ብሎ ቆይቶ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃዎቹ

ቁስሉ በአራት ደረጃ ይመደባል። በመጀመሪያው ደረጃ ቆዳው አልተከፈተም፤ ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ብቻ ይታያል። በሁለተኛው የላይኛው ቆዳ ተልጦ ወይም ውኃ ቋጥሮ ይታያል። በሦስተኛው ቁስሉ ቆዳውን ሙሉ በሙሉ አልፎ ስቡ ይገለጣል። በአራተኛው ጡንቻ፣ ጅማት ወይም አጥንት ይታያል። ጥቁር የሞተ ሥጋ የሸፈነው ቁስል ጥልቀቱ እስኪጠራ ድረስ ደረጃ አይሰጠውም።

የመጀመሪያው ደረጃ ገለጻ የተጻፈው ነጣ ያለ ቆዳን በማሰብ መሆኑ ለእኛ አንባቢ መነገር አለበት። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ቦታው ከአካባቢው ይልቅ መሞቁን ወይም መቀዝቀዙን፣ መጠንከሩን ወይም መልፈስፈሱን፣ ወይን ጠጅ ወደሚመስል ጥቁረት መለወጡን በእጅና በዓይን ማጣራት ያስፈልጋል። ስሜት ያለው ታካሚ ደግሞ ሕመሙን ይናገራል። ይህ ባለመታወቁ ቁስሉ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ሳይያዝ ያልፋል።

አንደኛውና ሁለተኛው ደረጃ ጫናውን በማንሳትና በንጽሕና ይድናሉ። ፍላፕ የሚታሰበው ለሦስተኛውና ለአራተኛው ነው፤ ያውም ለሁሉም አይደለም።

ቆዳ መትከል ለምን አይበቃም

የቆዳ ንቅለ ተከላ የሚባለው ስስ ቆዳ ከጭን ላይ ተልጦ ቁስሉ ላይ ሲለጠፍ ነው። ያ ቆዳ የራሱ ደም ይዞ አይመጣም፤ ከተለጠፈበት ቦታ ደም እስኪያገኝ ድረስ በቀናት ውስጥ ሥር መስደድ አለበት። የተቆረጠ ቅርንጫፍ መሬት ላይ እንደመትከል ነው፤ መሬቱ ለም ከሆነ ይጸድቃል። የተጋለጠ አጥንት ግን ለም መሬት አይደለም። ቢይዝ እንኳ በአጥንቱና በአልጋው መካከል የሚኖረው ስስ ቆዳ ብቻ ስለሆነ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይፈርሳል።

ፍላፕ ችግኝን ከነሥሩና ከነአፈሩ አንስቶ እንደማዛወር ነው። የደም መንገዱን ይዞ ስለሚመጣ በኢንፌክሽን በተጎዳ ጉድጓድ ውስጥም ይኖራል፤ ጉድጓዱን ይሞላል፤ አንቲባዮቲክን በደሙ ያደርሳል፤ በአጥንቱ ላይም ወፍራም ሽፋን ይሆናል።

ታሪክ

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። የሕንዱ ሱሽሩታ የተቆረጠ አፍንጫን ከፊት ላይ በተነሳ ቆዳ መጠገንን ገልጿል፤ የቦሎኛው ጋስፓሬ ታሊያኮዚ እ.ኤ.አ. በ1597 ባሳተመው መጽሐፍ ከክንድ ላይ ፍላፕ ማንሳትን አስተምሯል። ለግፊት ቁስል ግን የዋለው ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው ጆን ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1938 በቁስሉ ላይ የሚቀረውን ስስ ጠባሳ በወፍራም ፍላፕ መተካትን ሐሳብ አቀረበ። ከፔኒሲሊን በኋላ ሥራው ተስፋፋ። ራልፍ ገር እ.ኤ.አ. በ1971 ጡንቻን ለዚህ ቁስል መጠቀምን አሳየ፤ ጡንቻንና በላዩ ያለውን ቆዳ አንድ ላይ ማንሳት በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ የተለመደ ሆነ። ጃፓናዊው ኢሳኦ ኮሺማ እ.ኤ.አ. በ1993 ከባልደረቦቹ ጋር ጡንቻውን ሳይነኩ በውስጡ ወጥተው ቆዳውን የሚመግቡትን ትንንሽ የደም ሥሮች ብቻ ተከትሎ ፍላፕ ማንሳትን ለሳክረም ቁስል አስተዋወቀ።

ከቢላው እኩል ታሪክ የቀየረው ግን ሰውን ማገላበጥ ነው። ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍል ሲከፍት ከወገብ በታች ሽባ የሆነ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። ጉትማን ሕሙማኑ ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዘ፤ አንዳንድ ጊዜም በሌሊት ራሱ እየተነሳ ይቆጣጠር ነበር። በዚያ ሆስፒታል የተጀመረው ስፖርታዊ ውድድር በኋላ ፓራሊምፒክ ሆነ። የማራቶን ጀግናው አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ሽባ ከሆነ በኋላ የታከመው በዚሁ በስቶክ ማንደቪል ነበር። በኋላም በስፍራው ውድድር ቀስት በመወርወር ተሳትፏል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

ብዙ ቤተሰብ «ቶሎ ይሰፋልን» ብሎ ይመጣል። ነገር ግን ቸኩሎ የተሰፋ ፍላፕ ይከፈታል። መጀመሪያ የሞተው ሥጋ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ይህ ብቻውን አንድ ወይም ከዚያ በላይ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። አጥንቱ ኢንፌክሽን ይዞት እንደሆነ ይመረመራል፤ ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ ተገቢው አንቲባዮቲክ ለሳምንታት ይሰጣል። ለዓመታት ሳይድን የቆየ ቁስል ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል ከጠርዙ ናሙና መውሰድም የተለመደ ነው። ይህ ዓይነቱ ካንሰር እ.ኤ.አ. በ1828 ስለ እነዚህ ቁስሎች በጻፈው በፈረንሳዊው ማርጆላን ስም ይጠራል።

ቀጥሎ የታካሚው አቅም ይታያል። ሄሞግሎቢኑ ዝቅ ያለ ሰው ደም ወይም ብረት ያስፈልገዋል፤ ስኳር ያለበት ስኳሩ መስተካከል አለበት፤ ሲጋራ ማጨስ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ይቆማል። እግሮቹ በጡንቻ መኮማተር የሚፈራገጡ ከሆነ ያ ካልታከመ ስፌቱን ይበጥሰዋል። ሰገራ ቁስሉን ዘወትር የሚያቆሽሽ ከሆነ ሆድ ላይ ጊዜያዊ መውጫ እስከማድረግ ይደረሳል።

ከሁሉም ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ምግብ ነው። ከቁስሉ በየቀኑ ፕሮቲን ይፈስሳል። ለግፊት ቁስል ታካሚ በኪሎ ክብደት ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን ይመከራል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ62 እስከ 75 ግራም ማለት ነው። አንድ ዕንቁላል 6 ግራም ያህል ስላለው ዕንቁላል ብቻውን አይሞላውም። ባቄላ፣ ሽምብራና አተር በደረቁ ከመቶ ግራም 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስላላቸው ወፈር ያለ ሽሮ፣ ክክና ንፍሮ ከወተትና ከዕንቁላል ጋር ሲጨመር ልዩነት ያመጣል። በሁዳዴ ወይም በፍልሰታ ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ጾምን ማቅለላቸው የተለመደ ስለሆነ ሐኪሙ የሚያዘውን ለእርሳቸው ቀድሞ መንገር ይጠቅማል፤ ታካሚው ራሱ «እጾማለሁ» ሲል የሚሰማው ከነርሷ ይልቅ እርሳቸውን ነው።

ቀዶ ሕክምናው

ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ ይተኛል። ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ሰው ማደንዘዣ አያስፈልገውም ማለት ስሕተት ነው። ጉዳቱ ከደረት መካከል በላይ ከሆነ አንጎል የማያውቀው ሕመም የደም ግፊትን በድንገት ወደ አደገኛ ደረጃ ሊያወጣ ስለሚችል ማደንዘዣ ሐኪሙ ከጎኑ አይለይም።

ሐኪሙ ቁስሉን ከነከረጢቱ አውጥቶ የሚጥል ሲሆን የወጣውን የአጥንት ጉብታም ይቀርጻል። ሆኖም የመቀመጫ አጥንቱን በሙሉ ማውጣት ክብደቱን ወደ ሌላው ጎንና ወደ ብልት አካባቢ ስለሚገፋው በኋላ የሽንት ቧንቧ እስኪበሳ ድረስ አዲስ ቁስል ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚወሰደው የሞተው ወይም የሾለው ብቻ ነው።

የፍላፑ ዓይነት በቦታው ይወሰናል። ለሳክረም ቁስል ግሉትየስ ማክሲመስ ከሚባለው ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ላይ ሰፊ ክብ ፍላፕ ተነስቶ ይሽከረከራል፣ ወይም በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ተቆርጦ ይገፋል። መራመድ ለሚችል ታካሚ ይህን ጡንቻ መውሰድ ደረጃ መውጣትና ከመቀመጫ መነሳትን ስለሚያዳክም ቆዳና ስቡ ብቻ ይነሳል። ለመቀመጫ አጥንት ቁስል የኋለኛው ጭን ቆዳ ከጡንቻው ጋር ወይም ያለ ጡንቻው ወደ ላይ ይገፋል። ለዳሌ ጎን ቁስል ከጭኑ ውጫዊ ጎን ያለው ፍላፕ ይዞራል። ይህ የመጨረሻው የቆዳ ስሜት የሚያደርስ ነርቭ ስላለው ጉዳቱ ዝቅ ብሎ ለሆነ ሰው ስሜት ያለው ሽፋን ሊሰጠው ይችላል፤ ያ ከሆነ ታካሚው ሕመም ተሰምቶት ይገላበጣል።

ሦስት ነገሮች በሁሉም ዓይነት ላይ ይጠበቃሉ። ፍላፑ ከቁስሉ ይልቅ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል። ስፌቱ አጥንቱ ላይ እንዳያርፍ ይደረጋል። የዛሬው አቆራረጥ የነገውን ፍላፕ እንዳያጠፋ ይታሰባል፤ ቁስሉ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሙ ያውቃልና። በመጨረሻ ከፍላፑ ሥር ደምና ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ይቀመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

አዲሱ ፍላፕ በየጥቂት ሰዓቱ ይታያል። መቀዝቀዝ ደም አለመግባቱን፣ ማበጥና መጥቆር ደም መግባቱን እንጂ አለመውጣቱን ይጠቁማል። በጥቁር ቆዳ ላይ የቀለም ለውጥ ስለሚሰወር የጣት ሙቀትና ሲጫኑት የደሙ መመለስ ይበልጥ ይታመናል። ችግሩ ቶሎ ከታወቀ ስፌት ማላላት ወይም የተቋጠረ ደም ማውጣት ፍላፑን ሊያተርፈው ይችላል።

ከ3 እስከ 6 ሳምንት በፍላፑ ላይ መተኛትም መቀመጥም አይፈቀድም። ታካሚው በሆዱና በጎኑ ይተኛል። ከዚያ በኋላ መቀመጥ የሚጀመረው በ15 ደቂቃ ነው። ከተነሳ በኋላ ቆዳው ይታያል፤ ምልክቱ ካልጠፋ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከጠፋ በቀጣዮቹ ቀናት ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል።

ይህን ሁሉ አድርጎም ቁስሉ ሊመለስ ይችላል። ጆሴፍ ዲሳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት 66 የግፊት ቁስል የነበረባቸው 40 ታካሚዎች ተከታትለዋል። ከሆስፒታል ሲወጡ ከቁስሎቹ 80 በመቶው ድኖ ነበር፤ በአማካይ ከ9 ወር ገደማ በኋላ ግን ከታካሚዎቹ 69 በመቶ ላይ ተመልሷል። ሌሎች ጥናቶች የተሻለ ውጤት ቢያሳዩም ይህ ቁጥር የሚነግረን ስፌቱ አለመድከሙን ነው፤ ቆዳው ድኖ ወደ ቤት ሄዷል፤ የተመለሰው ወደዚያው አልጋና ወደዚያው ወንበር ስለተመለሰ ነው።

በኢትዮጵያና በምዕራብ ጎጃም

ችግሩ በአማራ ክልል ምን ያህል እንደሆነ ከሚያሳዩት ጽሑፎች አንዱ ኃይለየሱስ ገዳሙና ባልደረቦቹ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታል ያደረጉት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ይህ ጥናት ተኝተው ይታከሙ ከነበሩ 422 ሰዎች ውስጥ 16.8 በመቶው የግፊት ቁስል እንዳለባቸው አገኘ። ይህ በሆስፒታል ውስጥ ያለው ነው። በየቤቱ የተኛው ሰው በዚህ አይቆጠርም።

የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ወደ 390፣ ከባሕር ዳር ወደ 175 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ፣ የነቀምቴ መንገድ በሚገነጠልበት ላይ ናት። ከጃቢ ጠህናን፣ ከወምበርማ ወይም ከቋሪት ገጠር የሚመጣ ታካሚ በቃሬዛ ወይም በጋሪ ጥርጊያ መንገድ ደርሶ፣ ከዚያ በመኪና ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ሆስፒታል ይሄዳል። የሞተ ሥጋ ማስወገድ፣ ቁስል ማጠብ፣ ደም መስጠት በአካባቢው ሆስፒታል ሊከናወን የሚችል ሥራ ነው። ለፍላፑ ግን ታካሚው የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይላካል። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና፣ ለሥጋ ደዌ ታካሚዎች የተቋቋመው አለርት ደግሞ በመልሶ ግንባታ ቀዶ ሕክምና ይታወቃሉ።

«ፕላስቲክ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ከላስቲክ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቅርጽ መስጠት ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ለውበት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የዘርፉ አንድ ክፍል ብቻ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ለውበት የሚደረግ ሕክምና እንደማይሸፈንለት ሰምቶ ፍላፕንም ከዚያ ቆጥሮ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም፤ ይህ የቁስል ሕክምና ነው። መድኑ ግን በደረጃው መሄድንና የሪፈር ወረቀትን ይጠይቃል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው የመልስ ጉዞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም መንገዱ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። ገና ሳምንታት ብቻ የቆየ ፍላፕ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሰዓት በአውቶቡስ ወንበር ላይ ቢቀመጥ የተሰፋው ቦታ በትክክል ክብደቱን የሚቀበለው ነው፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ደግሞ ያንሸራትተዋል። የመልሱ ጉዞ ተኝቶ የሚሄድበት መኪና እንዲሆን፣ መንገድ ላይ እየተቆመ እንዲገላበጥ ከመውጣቱ በፊት መታቀድ አለበት። ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ መውጫ ወረቀቱ ላይም ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

በቤት ውስጥ

በገጠር ቤት ታካሚው የሚተኛው በመደብ፣ በጠፍር አልጋ ወይም መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበትና ሰሌን ነው። መደብ ጠንካራ ነው። ጠፍር ሲረግብ መካከሉ ይጎደጉድና ታካሚውን ማዞር ያስቸግራል፤ የጠፍሩ መስመርም ሰውነቱን ይጫናል። ወፈር ያለ የስፖንጅ ፍራሽ ከሁለቱም ይሻላል። ፍራሹ መድከሙን ማወቂያው ቀላል ነው፤ ታካሚው ተኝቶ ሳለ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ከፍራሹ ሥር፣ በመቀመጫው ትይዩ ማስገባት። አጥንቱ በእጅ ላይ ከተሰማ ፍራሹ አልቋል።

የበግ አጎዛ ነገር ትኩረት ይገባዋል። በአውስትራሊያ ሆስፒታሎች በተደረጉ ሙከራዎች ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ የበግ ቆዳ ከሥራቸው የተነጠፈላቸው ታካሚዎች ከሌሎቹ ያነሰ የግፊት ቁስል ታይቶባቸዋል። ጸጉሩ ጫናውን ያከፋፍላል፣ መፋተግን ይቀንሳል፣ አየር ያስገባል። ያ ግን ለሆስፒታል ተብሎ የተዘጋጀና የሚታጠብ ነው። ጸጉሩ ያለቀ፣ ቆዳው የደረቀ ወይም በሽንት የራሰ አጎዛ ከመደቡ አይሻልም። ወፍራም ጸጉር ያለው፣ የታጠበና ፀሐይ የመታው አጎዛ በፍራሽ ላይ ቢነጠፍ ግን ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ማገላበጥን አይተካም።

ማገላበጡ በየሁለት ሰዓቱ ይጀመራል፤ ቆዳው ሲችል በጥሩ ፍራሽ ላይ ሊራዘም ይችላል። ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት የዳሌውን ጉብታ ስለሚጫነው ከጀርባው በተጣጠፈ ጋቢ ደግፎ ወደ ጎን 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይሻላል። ተረከዝ ከፍራሹ ጭርሱን እንዳይነካ ትራሱ ከባቱ ሥር ይገባል። ታካሚውን መጎተት ሳይሆን ሁለት ሰው ሆኖ በአንሶላ ማንሳት ያስፈልጋል። በሆስፒታልም በቤትም የተለመደው ውኃ የተሞላ ጓንትና እንደ ማጦት የተጠቀለለ ክብ ጨርቅ አይመከርም፤ ክቡ ዙሪያውን ይጫንና ወደ መካከሉ የሚገባውን ደም ይዘጋል። የቀላውን ቦታ ማሸትም ከሥሩ የተጎዳውን ሥጋ ያብሰዋል።

ጎጃም የማር አገር ነውና ማር ቁስል ላይ ማድረግ የታወቀ ነው። ለሕክምና ተብሎ የተጣራ ማር ለአንዳንድ ቁስል በሐኪሞችም ይሠራበታል። ከቀፎ የመጣው ግን ከጀርም ነጻ አይደለም፤ አጥንት በደረሰ ቁስል ወይም በአዲስ የፍላፕ ስፌት ላይ ማር፣ ቅቤም ሆነ ቅጠል መደረግ የለበትም።

በተሽከርካሪ ወንበር ላይ መቀመጥ የጀመረ ሰው ከሥሩ ስፖንጅ ትራስ ያስፈልገዋል፤ እጁ ጠንካራ ከሆነ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በክንዱ ተደግፎ ራሱን ያነሳል፣ ካልቻለ ወደ ፊትና ወደ ጎን እየተዘነበለ ይቆያል። ጠዋትና ማታ ቆዳው ይታያል፤ ራሱ በመስታወት ማየት ይችላል። ከስፌቱ መግል ወይም ብዙ ፈሳሽ ከወጣ፣ ጠርዙ ከተከፈተ፣ ፍላፑ ከጠቆረ ወይም ታካሚው ካተኮሰው እስከ ቀጠሮው ቀን አይጠበቅም። በቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ልትልከው ትችላለች፤ ትንሽ ክፍተት በመጀመሪያው ሳምንት ከታየ ጫና በማንሳት ብቻ ሊዘጋ ይችላል።